በኤሊን ስም የተመዘገቡ ሰዓቶች

ኦክቶበር 5፣ ቅዳሜ

ኪዮስኩን ዛሬ ከፈትን። የበረዶ ሜዳው ዳር ዳሩ ገና ውሃ ያቁራል፤ ሌስ ግን «ልጆቹ ካልተንሸራተቱ ያብዳሉ፣ ወላጆቹም አብረው» ብሎ በሩን ከፈተልን። ሌስ የሆኪ ሜዳው ኃላፊ ነው። ከንቲባው ራሱ ሌስን ሳያስፈቅድ እዚያ ቤት አምፖል አይቀይርም። እኔ ፈንዲሻውንና ሆት ዶጉን፣ ማርኒ ገንዘቡን ያዝን። አራተኛ ክረምታችን ነው። ማርኒ ስትቆጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እኔ ደግሞ ሆን ብዬ የማይገናኝ ቁጥር እየጠራሁ አሳስታታለሁ። «ሮንዳ፣ አንድ ቀን በዚህ ማንኪያ ነው የምገድልሽ» ትለኛለች።

ከዘጋን በኋላ ሰዓታችንን ጻፍን፤ የእኔን በልጄ በኤሊን ስም። ደንባችን ቀላል ነው። ኪዮስኩ ውስጥ የቆመ ወላጅ የቆመበት ሰዓት በልጁ ስም ይመዘገባል፤ ልጁ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ወደ ዋሽንግተን በሚያደርገው ጉዞ ክፍያ ላይ ይታሰብለታል። ያልቆመ ከኪሱ ይከፍላል። ከዚህ የበለጠ ፍትሕ የት ይገኛል? ደንቡን ያወጣችው ማርኒ ናት፤ እኔንም ወደ ወላጅና መምህር ማኅበሩ የጎተተችኝ በዚሁ ነው። «ለኤሊን እንደ ቁጠባ ቁጠሪው» ብላኝ ነበር። የእሷ ልጅ ኮል ባለፈው ሜይ ሄዶ መጥቷል። ዘንድሮ ተራው የኤሊን ነው።

ባሌን ዌይድን ማዕድን ማውጫው ከሥራ ከቀነሰው ወዲህ ያ ሰዓት ባይኖር ምን እንሆን ነበር ብዬ አላስብም። አለ፤ በቃ።

ኦክቶበር 9፣ ረቡዕ፣ አውቶቡስ ውስጥ

ልጆቹን አውርጄ ቁጭ ብያለሁ። ሞተሩ ይሞቃል፣ እግሬ አይሞቅም።

ዛሬም ሻና ልጇን ታሊያን መቆሚያው ድረስ አመጣቻት። የአረጋውያን መንከባከቢያው የደንብ ልብስ ላይዋ ላይ ነው፤ ከሌሊት ሥራ መውጣቷ ነው። ታሊያና ኤሊን አንድ ክፍል ናቸው፣ አንድ መቀመጫም። በአራት ክረምት ሻና አንድ ሰዓት አልቆመችም። ሥራ ይበዛብኛል ትላለች አሉ። የማን ነው የማይበዛው? እኔ ጠዋትና ማታ አውቶቡስ እነዳለሁ፣ በመሃል የቄሱን ቢሮ አጸዳለሁ።

እጇን አነሣችልኝ። እኔም አነሣሁላት። ክፉ ሰው አይደለሁም።

ኦክቶበር 22፣ ማክሰኞ

ሌስ ወሬ ይዞ መጣ። የከተማው ምክር ቤት ኪዮስኩን ለሚቀጥለው ዓመት የሚያከራየን ከግብር ነፃ መሆናችንን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ካመጣን ብቻ ነው ብሏል። እኛ እንዲህ ያለ ነገር ኖሮን አያውቅም። ድሮ ኬክና ብስኩት ስንሸጥ ገቢያችን ትንሽ ስለነበር ማመልከቻም አንጠየቅም ነበር፤ ትንንሾቹን ማኅበራት ሕጉ ራሱ ይተዋቸዋል። ያሳደገን ኪዮስኩ ነው። በተለይ ፓስቲው፤ ሥጋና ድንች በሊጥ ተጠቅልሎ ሲጋገር ይሄ አገር ሚስቱን ይሸጣል። አሁን ትልቅ ስለሆንን በደንብ አመልክተን መፈቀድ አለብን።

«እኔ እሞላዋለሁ» አለች ማርኒ። ማርኒ ያዘችው ማለት አለቀ ማለት ነው። እኔ ሰብሳቢ ነኝ እንጂ እንዲህ ላለው ነገር ትዕግሥት የለኝም።

ኖቬምበር 10፣ እሑድ

ማርኒ የነገረችኝ ፈንዲሻው እየፈነዳ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ መሰለኝ።

«ሮንዳ፣ ማመልከቻው ላይ አንድ ጥያቄ አለ። ከምትሰበስቡት ገንዘብ በግሉ የሚጠቀም አባል አለ ወይ ይላል።»

«የለም በያ።»

«አለ እኮ። ሰዓቱ።»

«የልጆች ጉዞ ነው። በልጆች ጉዞ ማን ምን ይላል?»

«ለልጆች ሁሉ ቢሆን ማንም ምንም አይልም። ለሠራው ሰው ልጅ ብቻ ሲሆን ግን ያ ሰው የሠራው ለራሱ ነው። ይሄ ማኅበር ሳይሆን ደመወዝ ነው ይሉሻል። ዱሉት ከተማ አንድ ሒሳብ አዋቂ ጠይቄያለሁ። በዚህ ምክንያት ነፃነታቸውን የተነጠቁ ማኅበራት አሉ አለኝ።»

«ታዲያ ማን ያውቅብናል? እኛ ካልነገርናቸው።»

«የምፈርመው እኔ ነኝ፣ ሮንዳ።»

እኔ ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ እስከ ሜይ እንቆይ፣ ልጆቹ ሄደው ይምጡ፣ ከዚያ ደንቡን እንቀይራለን፤ እስከዚያ የሰዓቱን ነገር ማንሣት አያስፈልግም። ማንም ሰው የሚለው ነው። ማርኒ አልመለሰችልኝም። የአፍ መጥረጊያ ወረቀቱን እሽግ ቀድዳ ቦታ ቦታው ላይ ደረደረች። በአራት ክረምት ፀባይዋን አውቄዋለሁ፤ ማርኒ ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው።

ተስማማን።

ኖቬምበር 28፣ የምስጋና ቀን

ዌይድ የበዓሉን ዶሮ፣ ተርኪ ይዞ መጣ። ትልቅ ነው፤ ድንቹም፣ የታሸገ በቆሎውም፣ የክራንቤሪ ማርማላታውም አብሮ በሣጥን። «ከየት?» አልኩት። «የሠራተኛ ማኅበሩ ልጆች ሰጡኝ» አለ። የትኞቹ ልጆች ብዬ አልጠየቅሁም። ሃያ ዓመት መዋጮ ከፍሎላቸዋል፣ ቢሰጡት ምን ይገርማል?

ሳህን እያዞርን ኤሊን፣ «እማዬ፣ ታሊያስ ዋሽንግተን ትሄዳለች?» አለችኝ።

«እናቷ ከከፈለች ትሄዳለቻ።»

«ካልከፈለችስ?»

«ድንቹን አቀብይኝ።»

ዌይድ ሹካውን አስቀመጠ። ከዚያ መልሶ አነሣው።

ዲሴምበር 7፣ ቅዳሜ

ማርኒ አልመጣችም። «ጉንፋን ይዞኛል» የሚል መልእክት። ብቻዬን ሠራሁ። በጨዋታው ሁለተኛ እረፍት ላይ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሶ ነበር። የቀለጠው አይብ እጄ ላይ ፈሰሰ።

ሰዓት ጻፍኩ። የኤሊን ገጽ ሊሞላ ነው።

ዲሴምበር 12፣ ሐሙስ

ሱቅ ውስጥ የቁርስ እህሉ መደርደሪያ ጋ ነበርኩ። ከወዲያ በኩል ሁለት ሴቶች ያወራሉ፤ ድምፃቸውን አውቀዋለሁ፣ ስማቸውን ግን እዚህ አልጽፍም።

«ማርኒ ባለፈው ቅዳሜ ዱሉት ሄዳ ሙሉ ቀን ከሒሳብ አዋቂው ጋር ዋለች አሉ።»

«ሮንዳ አብራት ሄደች?»

«ሮንዳማ ናት አሉ ነገሩን አፍና የያዘችው።»

ጉንፋን ይዞኛል ያለችው ቀን ነው። ጋሪዬን ጥዬ ልወጣ ነበር፤ ወተቱ ግን ያስፈልገን ነበር።

እስከ ሜይ ዝም እንደምትል ቃል ገብታልኛለች። ሰው ቃሉን ከበላ ሌላ ምን ይቀረዋል?

ዲሴምበር 19፣ ሐሙስ

ቶድ አውቶቡሱ መስኮት ላይ መጥቶ አነጋገረኝ። ምክትሌ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት፣ ሰዓቱም ከእኔ ቀጥሎ ነው። «ሰማሁ» አለኝ። «ማርኒ ገንዘቡን አንድ ላይ ደባልቀን ለሁሉም እኩል እናካፍል ልትል ነው። አይዞሽ፣ ሮንዳ። ሁላችንም ካንቺ ጋር ነን። ላብሽን ማንም አይወስደውም።»

«በስብሰባው ላይም ትለዋለህ?»

«ከሁሉ በፊት የምነሣው እኔ ነኝ።»

ልቤ ሞቀ። ለካ ሰው አለኝ።

አሰብኩት። ተደባልቆ እኩል ከተካፈለ ለኤሊን የሚደርሳት ከጉዞው ግማሹን እንኳ አይሸፍንም። የቀረውን ከየት አመጣለሁ? እኔ በረዶ ቤት ውስጥ አራት ክረምት ስቆም አልጋቸው ላይ የነበሩ ሰዎች እኩል ሊወስዱ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ለሻና ጥላቻ የለኝም፣ እግዜር ያውቃል። ግን ዓይን ያለው ሰው ይፍረድ።

ጃንዋሪ 14፣ ማክሰኞ

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነበር። የሕፃናቱ ወንበር ላይ ጉልበታችንን አገጫችን ላይ አድርገን ተቀመጥን። ርዕሰ መምህሯ ሚስስ ሃውገን ፖቲትሳ የሚሉትን ጥቅል ጣፋጭ ዳቦ ጋግራ አምጥታለች፤ ለውዙን እንደ አሮጊቶቹ አብዝታ። ማንም አልነካውም። ዌይድም መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ፤ ከዚህ በፊት ስብሰባ ረግጦ አያውቅም። ሊደግፈኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ማርኒ ተነሣች። ሳታቋርጥ ተናገረች። ከግብር ነፃ የሆነ ማኅበር የሚሠራው ለልጆች ሁሉ ነው፤ በሰዓታችን ልክ ለየልጃችን ከወሰድን ማኅበሩ የግል ሥራችን ይሆናል፣ ማመልከቻችንም ይወድቃል፣ ኪዮስኩም ይሄዳል። እዚህ ድረስ ይሁን። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ይህን ያወቅሁት በኖቬምበር ነው። ለሮንዳ ነገርኳት። እስከ ሜይ እንደብቀው አለችኝ። እኔም ሁለት ወር ዝም ብያለሁ። ሁለታችንም አጥፍተናል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እንደብቀው የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ኪዮስክ ውስጥ በሁለት ሰው መካከል የተባለ ነገር እንዴት መድረክ ላይ ይወጣል? እጄን ይዛ ቃል የገባችልኝ ሴት ናት።

«ኮል ሄዶ መጣ» አልኳት። «ያኔ ሕጉ የት ነበር?»

«አላውቀውም ነበር።»

«አሁን ጠግበሽ ፆም አወጅሽ።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ማርኒ አልሳቀችም። ቶድን አየሁት። ጫማውን እያየ ነው። ጫማው ምን እንዳለበት እግዜር ይወቅ።

ከዚያ ሻና ተነሣች፤ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች፣ ወደ ሥራ ልትሄድ። ድምፅዋ ትንሽ ነው። «እኔ ልጆቹ ስድስተኛ ክፍል እያሉ ሰዓት ጠይቄ ነበር» አለች። «ያለው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው ተባልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ከሌሊት ሥራ የምወጣበት ነው። እሑድ ማታ ይሰጠኝ ብዬ ነበር፤ እሑድ ማታ የነባሮቹ ነው አሉኝ።»

ማን እንዳላት አላስታውስም።

ድምፅ ተሰጠ፤ እጅ በማውጣት። ሰብሳቢ ስለሆንኩ ፊት ለፊት ቆሜ የምቆጥረው እኔ ነኝ። ገንዘቡ ለሁሉም እኩል ይሁን የሚሉ፦ እጆች ወጡ። ቶድም አወጣ። እየቆጠርኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከካርታው ሥር፣ የዌይድ እጅ።

ቆጠርኩት። ምን አደርጋለሁ? እንደ ሌላው ቆጠርኩት።

ጃንዋሪ 15፣ ረቡዕ

መኪና ውስጥ ዌይድን አላነጋገርኩትም። ቤትም አላነጋገርኩትም። ሶፋው ላይ ተኛ።

ቶድ ደወለ። «የማርኒ ነገር በጣም አናዶኛል» አለ። «አንቺን እንደዚያ ማጋለጧ ትክክል አልነበረም።»

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ሁኔታው አልተመቸኝማ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ኤሊን ጠዋት አውቶቡሱ ላይ ከታሊያ ጋር ተቀመጠች። ይስቃሉ። በመስተዋቱ እያየኋቸው መታጠፊያውን ልስተው ነበር። ማርኒ ያመጣችው ደንብ፣ ልጇ የበላበት ደንብ፤ የሚቀጣው ግን የእኔ ልጅ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

የሰብሳቢነቱን ነገር ለሚስስ ሃውገን በሁለት መስመር ጽፌ ለቀቅሁ።

ጃንዋሪ 18፣ ቅዳሜ

ሌሊቱን በረዶ ወርዶ መኪናው ተቀብሯል። ዌይድ እየዛቀ ነበር። ሁለተኛውን አካፋ ይዤ ወጣሁ። ከመጠየቅ ይልቅ መዛቅ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም።

«እጅህን ለምን አወጣህ?»

መዛቁን አላቆመም። «ተርኪው ከየት እንደመጣ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ነግረኸኛል። የሠራተኛ ማኅበሩ።»

«ከሉተራኖቹ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ምግብ ይሰጣሉ። ከኦገስት ጀምሮ እሄዳለሁ። የምታድለው ሻና ናት፤ ከሌሊት ሥራዋ ወጥታ፣ ሳትተኛ።» አሁን ቆመ። «የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ስታየኝ ልመለስ ነበር። ሰው ሁሉ እየሰማ ‹ዌይድ፣ ለወንድምህ ልትወስድለት መጣህ አይደል?› አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ‹ይሄ ለወንድምህ› እያለች ትሰጠኛለች። እሷ ፊት ቁጭ ብዬ እጄን ላሳርፍ?»

ዌይድ ወንድም የለውም። ሻና ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ አንድ መንገድ ላይ ነው ያደጉት።

የእኔን ጎን ጨርሼ ገባሁ።

አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ምግቡ አይደለም። አምስት ወር ሙሉ ከአንድ ድስት እየበላን፣ ለእኔ ያልነገረውን ሻና ታውቃለች። ለምን አልነገርከኝም ብዬ ልጠይቀው ነበር። መልሱን ፈራሁት።

ፌብሩዋሪ 1፣ ቅዳሜ

ኪዮስክ አልሄድኩም። ዌይድ ሶፋው ላይ ነው አሁንም። ኤሊን አልጋ አላነጠፈችም፣ ተቆጣኋት። ካልሲ አጠፍኩ። ሁሉም ካልሲ ጎደሎ ነው።

ፌብሩዋሪ 8፣ ቅዳሜ

የዓመቱ ትልቁ ውድድር። ከየአቅጣጫው ቡድን መጥቷል፣ መኪና ማቆሚያው ሞልቷል። ላልሄድ ምዬ ነበር። ጠዋት ሌስ ደወለ።

«ሮንዳ፣ እጄ ላይ የተራበ ሕዝብ አለ። ማርኒ ብቻዋን ናት። ዛሬ ኪዮስኩ ከተዘጋ ከተማው ለሌላ ይሰጠዋል፤ ከዚያ የማንም ልጅ የትም አይሄድም። እኔ ደግሞ ፈንዲሻ አልችልም።»

ሄድኩ። ለማርኒ ብዬ አይደለም።

ለሁሉም እኩል ብለው እጃቸውን ያወጡት ሰዎች መቀመጫ ላይ ናቸው፣ ብርድ ልብስ ለብሰው። አንዷ ሆት ዶግ ስትገዛ «ጎበዞች፣ በርቱ» አለችን። እሷንም ማገልገል ነበረብኝ። በስም የሚመዘገብ ሰዓት ሲቀር ሠራተኛውም ቀረ፤ ይህን ቀድሜ ተናግሬ ነበር፣ የሰማኝ የለም። የመጣ ቢኖር ሻና ናት። ከሌሊት ሥራ ቀጥታ መጥታ እስከ ቀትር ፓስቲ አሞቀች። ቆማ ስታንቀላፋ አየኋት። «ወንበር አለ» አልኳት።

«ብቀመጥ አልነሣም» አለችኝ።

ሻና ከሄደች በኋላ ከማርኒ ጋር ብቻችንን ቀረን። ሰልፉ ሲሳሳ እሷ ናት የጀመረችው።

«እስከ መቼ አታናግሪኝም?»

«ቃልሽን እስክታገኚው።»

«የቱን ቃል?»

«እስከ ሜይ ዝም እላለሁ ያልሽኝን።»

ዞራ አየችኝ። «ሮንዳ፣ እንደዚያ ብዬሽ አላውቅም።»

«ዝም አላልሽም?»

«ዝም ያልኩት ስለፈራሁሽ ነው። ሁሉም ይፈራሻል እኮ። ቶድ ለምን አልተናገረም ትያለሽ?»

«ቶድ ቶድ ስለሆነ ነው።»

ልትስቅ ነበር፤ ተወችው። «ስብሰባው ላይ ያንቺን ስም ማንሣት አልነበረብኝም። ብቻዬን አጥፍቻለሁ ብል ይበቃኝ ነበር። ብቻዬን መቆም አቃተኝ። ለዚህ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ለሌላው አልጠይቅሽም።»

ይቅር አላልኳትም። አላልኳትም ብቻ ሳይሆን አልፈለግሁም። አራት ክረምት በአንድ ማሞቂያ የሞቅን ሰዎች ነን። ፈርታኝ ከሆነ ያ ሁሉ ሳቅ የምን ነበር?

አይቡን ስናጸዳ እንዲህ አለችኝ፦ «ለተቸገረ ቤተሰብ የቀረውን ማኅበሩ ሊሸፍን ይችላል። ሰዓት ስላለው ሳይሆን ስለሚያስፈልገው ከሆነ ሕጉ ይፈቅዳል። የምንወስነው እኛ አይደለንም፣ ሚስስ ሃውገን ብቻዋን ናት፤ ሌላ ማንም አያውቅም። እስከ ዓርብ ሄዶ መንገር ብቻ ነው።»

«ለምን ለእኔ ትነግሪኛለሽ?»

«ለሁሉም እየነገርኩ ነው» አለች። ማንንም እያየች አልነበረም።

ፌብሩዋሪ 11፣ ማክሰኞ፣ አውቶቡስ ውስጥ

የሚስስ ሃውገን መስኮት ከዚህ ይታያል። መብራቱ በርቷል። መውረድ፣ ሃያ ርምጃ መሄድ፣ በሩን ማንኳኳት።

ምን ብዬ? ሠርቼ ያገኘሁትን በልመና ስጡኝ ልበል? ያው ገንዘብ ነው እኮ፣ እኔው ፈንዲሻ ሸጬ ያመጣሁት። ትናንት የኤሊን ነበር፣ ዛሬ የችግረኛ ሆነ።

የማታ መስመር ከሰጡኝ፣ ቅዳሜም ከነዳሁ፣ እስከ ሜይ። አይሞላም። አሰብኩት፣ አይሞላም።

ሞተሩን አስነሣሁ።

ፌብሩዋሪ 14፣ ዓርብ

አልሄድኩም። ስወጣ ሚስስ ሃውገን በሩን እየቆለፈች ነበር። «መልካም ቅዳሜና እሑድ፣ ሮንዳ» አለችኝ፤ ትንሽም ቆም አለች። «ለእርስዎም» አልኳት።

ዌይድ ከረሜላ ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል፤ የፍቅረኞች ቀን ነው። «ከመኝታ ቤት ውጪ ወገቤ አለቀ» አለኝ። «ግባ» አልኩት። ይቅርታ አይደለም፤ ወገቡ ስላሳዘነኝ ነው።

ፌብሩዋሪ 15፣ ቅዳሜ

ዛሬ ለኤሊን ልነግራት ወሰንኩ። ዳቦዋ ላይ የለውዝ ቅቤ እየቀባች ነበር። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«ኤሊን፣ የዋሽንግተኑ ነገር ዘንድሮ አይሆንም። ሞከርኩ። የጎደለው በዛብን።»

«ይሆናል» አለች። ቢላዋውን አላቆመችም። «ሚስስ ሃውገን ስሜን ይዛለች።»

«ማን ነገራት?»

«እኔ። ረቡዕ ዕለት በምሳ ሰዓት ገባሁ።»

«አባትሽ ነው የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። አባዬ ያወቀው ትናንት ነው።»

ማርኒ፣ ዌይድ፣ አሁን ደግሞ ልጄ። በዚህ ቤት እኔ ቀድሜ የማውቀው ነገር የለም።

«ምን ብለሽ ጠየቅሻት?»

«አባቴ ሥራ የለውም፣ እናቴ ደግሞ መጠየቅ አትችልም አልኳት።»

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ለራሷ አልጋ የማታነጥፍ።

«ተናደድሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እሺ።» ዳቦዋን በላች፣ ሳህኗን አጠበች፣ ጃኬቷን አነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች። «የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል። አባዬ እኔ ልፈርም አለ፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ቆመሽ የሠራሽው አንቺ ነሻ።»

ወጣች። ከታሊያ ጋር ሐይቁ ላይ ሊንሸራተቱ ነው።

ሰኞ ልጆቹን ካወረድኩ በኋላ ሞተሩን አጥፍቼ ልፈርም እገባለሁ።